በአንድ ትኬት 33 አገር? የዩሬይል ፓስ በድሬ ልጅ ዓይን

ገና ከመነሻው ልንገራችሁ። አውሮፓን በባቡር የሚያዞረው ዩሬይል ፓስ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የእኛን ፓስፖርት አስበው የሠሩት አይደለም። ስለዚህ እነሱ በሚያስተዋውቁት መንገድ ሳይሆን ለእኛ በሚያዋጣን መንገድ ነው መግዛት ያለብን። የከዚራ ጎረቤቶቼ በተገናኘን ቁጥር "እንዴት ነው ያ የባቡር ትኬት?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር፣ ሐዲድ ጥገና ላይ ነው። ፊደል ሳልቆጥር የጣቢያ ስም ቆጥሬያለሁ፤ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ስወጣ ዙሪክ አጠገብ የምትኖረው ታናሽ እህቴ "እትዬ፣ በቃ አሁን ምክንያት የለሽም፤ ነይ" አለችኝ። መሄዱን ወደድኩት። ሶፋዋ ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ማየቱን ግን አልወደድኩትም። በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ከተማ የሚያዞረውን አስጎብኚም እንዲሁ። እንዲያ ዞረው የመጡ ጓደኞች አሉኝ። ፎቶ ያሳዩኛል፤ የትኛው ካቴድራል የየትኛው ከተማ እንደሆነ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። እኔ የምፈልገው ቀስ ብሎ፣ በቀን፣ በመስኮት እያዩ መሄድ ነበር። ደርሶም መቀመጥ።

ዩሬይል ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው የሚሸጥ የባቡር ፓስ ነው። ከ1959 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እዚያው አውሮፓ ለሚኖር ሰው ደግሞ ኢንተርሬይል የሚባለው አለ፤ ሥራው ያው ነው። እኔና እህቴ አንድ ፉርጎ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ ዩሬይል፣ እሷ ኢንተርሬይል ይዘናል። ልዩነቱ የገባን ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር እንደልቡ አይሄድበትም፤ ከአገሩ ለመውጫና ወደ አገሩ ለመመለሻ ብቻ ነው የሚሠራለት። እንግዳዋ እኔ ስዊዘርላንድን በፓሴ ስዞር ባለአገሯ እህቴ ትኬት ትቆርጣለች። ያጉረመረመችውን ተዉት።

ፓሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተከታታይ ነው፤ ከ15 ቀን እስከ 3 ወር በየቀኑ መሳፈር ይቻላል። ሁለተኛው የጉዞ ቀን የሚቆጠርበት ነው፤ በ1 ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 ቀን፣ በ2 ወር ውስጥ ደግሞ 10 ወይም 15 ቀን። አንድ የጉዞ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ቀን ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ባቡር መቀያየር ትችላላችሁ።

ምክሬ አጭር ነው፤ ትንሹን ግዙ። ተከታታዩን የገዙ ወጣት ፈረንጆች አጋጥመውኛል። ገንዘባችን እንዳይባክን ብለው ጧት ማታ ባቡር ላይ ናቸው። አንዱ ልጅ ትናንት የት እንዳደረ ስልኩን አይቶ ነው የነገረኝ። ትንሹን ስትገዙ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጉዞ ቀኗ እንደ ልብ አትመዘዝም። ስለዚህ አንድ ቦታ ከደረሳችሁ ቶሎ አትነሡም። ዳቦ ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ ዳቦ ሻጯም ታውቃችኋለች። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ማን ይቸኩላል? እኛ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ሥልጠና አያስፈልገንም፣ አቦ።

ዋጋውን አልጽፍም፤ በየጊዜው ቅናሽ ስለሚያወጡ ዛሬ ብጽፈው ነገ ውሸታም እባላለሁ። የማይለዋወጠው ይህ ነው። ዕድሜያችሁ 27 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 25 በመቶ፣ 60 ከሞላችሁ 10 በመቶ ይቀነስላችኋል። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነፃ ነው። ሁለተኛ ማዕረግ ይበቃችኋል። አንደኛ ማዕረግ ወንበሩ ሰፋ ይላል እንጂ የሚታየው ተራራ ያው ነው።

አሁን ወደ መራሩ ልምጣ፤ ወደ ቪዛው።

ማስታወቂያው "33 አገር" ይላል። ለእኛ ግን 33 አይደለም። ከነዚህ ውስጥ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ቱርክ፣ ሰርቢያና ሌሎችም ከሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ውጭ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሚያዝያ 2024 ላይ በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ጠበቅ አድርጓል። የውሳኔው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆመ። አንዴ ከሸንገን ከወጣችሁ በዚያው ቪዛ መመለስ የለም። ፓሱ "ቤልግሬድ ደርሰሽ ነይ" ይላችኋል፤ ቪዛው "ከሄድሽ እዚያው ቅሪ" ይላችኋል።

ሌላም አለ። ፓሱ የተሠራው ጧት ተነሥቶ "ዛሬ ወዴት ልሂድ?" ለሚል ሰው ነው። የቪዛ ክፍሉ ደግሞ በየቀኑ የት እንደምታድሩ በወረቀት ይፈልጋል። የመኝታ ቦታ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ማስረጃ፣ የግብዣ ደብዳቤ። እዚህ ላይ ነው ቀስ ብሎ መጓዝ የጠቀመኝ። ዘጠኝ ከተማ የሚዞር ሰው ዘጠኝ የሆቴል ወረቀት ያቀርባል። እኔ ያቀረብኩት የእህቴን ደብዳቤና ቪየና ውስጥ የተከራየሁትን ኩሽና ያለው ክፍል ነው። በሕጉ መሠረት ቪዛ የሚጠየቀው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጡበት አገር ነው። አንድ ቦታ ተደላድሎ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ጥያቄ አያምታታም። የቃለ መጠይቋ ልጅ ግን "ለምን በአውሮፕላን አይሄዱም?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ ብዬ መለስኩ። ጻፈችው መሰለኝ።

እና ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ ፓስ አትግዙ። ስልክ ላይ አፕ ውስጥ የሚገባው ፓስ ወዲያው በኢሜይል ስለሚደርስ የሚያስቸኩል ነገር የለም። አስቀድማችሁ ከገዛችሁና ቪዛው ከቀረ ያልተጀመረ ፓስ 15 በመቶ ተቆርጦ ይመለሳል፤ በቅናሽ የተገዛ ግን አይመለስም። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ለእኔ እህቴ ናት የከፈለችው። ካርድ ያለው ዘመድ የሌለው ሰው ከባንኩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ፓስፖርታችሁ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን ነው መሙላት ያለባችሁ፤ ተቆጣጣሪው ፓሱንና ፓስፖርቱን ያመሳክራል። የእኔ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። ከዙሪክ ወደ ቪየና ስሄድ ድንበሩን እንዳለፍን ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ መጣ። ስልኬን አየ፣ ፓስፖርቴን አየ። ከዚያ "ወይዘሮ" በሚለው የጀርመንኛ ማዕረግ ላይ የአባቴን ስም ጨምሮ አመሰገነኝ። ከሐዲዱ ዳር ርቆ የማያውቅ ሰው ስም ኦስትሪያ ባቡር ውስጥ ሲጠራ ሰማሁ። እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ያ ጉዞ 8 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሌሊት ባቡርም አለ፤ ናይትጄት ይባላል፤ ለፓስ ያዥ አልጋው ተጨማሪ ይከፈልበታል። ብዙ ሰው የሆቴል ወጪ ለማዳን እሱን ይመክራል። እኔ አልመክርም። መንገዱ ላይ ያለውን የአርልበርግን ተራራ ተኝታችሁ ካለፋችሁት ምኑን አያችሁት? ዋሻው ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ1884 የተከፈተ። ከዋሻው በፊትና በኋላ ያለው ነው የሚታየው።

ጣፋጩ ግን ቤርኒና ነው። ከሳንክት ሞሪትዝ ተነሥቶ ጣሊያን ድንበር ወዳለችው ቲራኖ የሚወርድ መስመር ነው። ጣሪያው ድረስ መስታወት የሆነ የቱሪስት ባቡር አለው፤ ፓሱ ይሠራበታል፤ ግን ቦታ በክፍያ መያዝ ግዴታ ነው። በዚያው ሐዲድ ላይ ተራው የአካባቢው ባቡር በየሰዓቱ ይሄዳል። ቦታ መያዝ የለም። መሀል ላይ ወርዶ ሻይ ጠጥቶ በሚቀጥለው መሳፈር ነው። አንዳንዱ ፉርጎም መስኮቱ ይከፈታል። እኔ ተራውን ነው የመረጥኩት።

መስመሩ በ1910 ነው ያለቀው። ቲራኖ 429 ሜትር ላይ ናት። ከፍተኛው ጣቢያ ኦስፒዚዮ ቤርኒና 2,253 ሜትር ላይ ነው። ጎማው የሚነክሰው ባለጥርስ ሐዲድ የለውም፤ እንዲሁ በጎማውና በሐዲዱ ሰበቃ ብቻ ነው የሚወጣው። በአንዳንድ ቦታ በየ1,000 ሜትሩ 70 ሜትር ይወጣል። ብሩዚዮ የምትባል መንደር ላይ ቁልቁለቱ ሲበረታበት ባለ9 ቅስት የድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፍና ሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ዞሮ፣ አሁን ባለፈበት ድልድይ ሥር ይሾልካል። አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ጎማው ኩርባው ላይ ሲፋጭ ያ የማውቀው ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማኝ። የጋለ ብረት ሽታም አለው።

ከዚያ ነው ሐዲዱን ያስተዋልኩት። ጠባብ ነው። አንድ ሜትር። የእኛው የድሮው ሐዲድ ስፋት፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው ያው አንድ ሜትር ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ ስፋቱን የሚለካበትን ብረት ይዤ ከኋላው እከተለው ነበር። ብረቱን ሁለቱ ሐዲዶች መሀል ያጋድመዋል፤ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል፤ ልክ ከሆነ ዝም ይላል፤ ካልሆነ ለጂቡቲው ወገን ይሳደባል። ቲራኖ ስደርስ በእርምጃዬ ለካሁት። እርምጃዬ ልክ ነው።

ሐረሮች አሁን የምናገረውን ሲሰሙ ይናደዳሉ። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው ከባድ ነው፣ ወጪው ብዙ ነው ተባለና ከሥር ሜዳው ላይ ቀረ። በዚያ ምክንያት በ1902 ድሬዳዋ ተቆረቆረች። እናቴ የሐረር ሰው ነበረች። አባቴን "ባቡራችንን የቀማችሁን እናንተ ናችሁ" ትለው ነበር፤ በተለይ ደንገጎን በመኪና ስንወጣ፣ አቅለሽልሿት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ሐሮማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ይደርሳል። መውጣት የነበረበት 800 ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ሰዎች ድሬ በተቆረቆረች በ8 ዓመቱ ከ1,800 ሜትር በላይ ወጥተዋል! ባቡሩ ውስጥ ሆኜ ለእናቴ ፈረድኩላት። ትንሽ ቆይቼ አሰብኩት። ባቡሩ ሐረር ወጥቶ ቢሆን ድሬ የለችም፤ አባቴም እዚያ አይቀጠርም፤ እናቴንም አያገኛትም። ፍርዴን አነሣሁ። በዚያ ላይ ቤርኒና ከመጀመሪያውም በኤሌክትሪክ ነበር የሚሄደው፤ የእኛው በእንፋሎት።

ከዚያ በኋላ የሄድኩበትን ከተማ ስነግራቸው ፈረንጆቹም ይገረማሉ። ፍራውንፌልድ። ከዙሪክ ብዙም አይርቅም። ለጉብኝት ብሎ የሚሄድበት ሰው ጥቂት ነው። አንድ ግንብ አላት፣ ሙርግ የሚባል ወንዝ አላት፣ በቃ። እኔን የወሰደኝ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የአጼ ምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ በ1854 የተወለደው እዚያ ነው። የባቡሩን ውል በ1894 ከንጉሡ የተቀበለው እሱ ነው። እሱ ባይኖር የከዚራ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ለገሃሩ፣ እኛም ራሳችን የት እንደምንሆን እንጃ።

ከጣቢያው ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከመኪናው መንገድ ጋር ተጎራብቶ የሚሄድ ትንሽ ባቡር። ወደ ቪል ከተማ የሚወስድ፣ በ1887 የተከፈተ። ጎንበስ ብዬ ሐዲዱን አየሁ፤ አንድ ሜትር! ኢልግ የእኛን ውል ከመፈረሙ 7 ዓመት በፊት የትውልድ ከተማው ሐዲድ ተዘርግቶበታል። ከዚያ ነው የቀዳው አልልም፤ እንዲያ የሚል ማስረጃ የለኝም። ግን አስፋልቱ መሀል ጎንበስ ብዬ ሐዲድ ስለካ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ዕቃ የጠፋኝ መስሎት አብሮኝ ሲፈልግ ነበር። እህቴ እስክታስረዳው ድረስ አላቆመም። ሲገባው ሳቀና ወንበር ላይ አስቀምጦን ስለ ባቡሩ አወራን። ይህ ከተማ አስጎብኚ ዝርዝር ውስጥ የለም። የጉዞ ቀን ማቃጠልም አያስፈልገውም፤ ከእህቴ ቤት ደርሶ መልስ ትኬቱ አያስመርርም።

ዘመሪንግንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከቪየና ደርሶ መልስ ነው። በ1848 ተጀምሮ በ1854 ያለቀ የተራራ መስመር። ሥራው ሲጀመር ያንን አቀበት የሚችል ሎኮሞቲቭ ገና አልነበረም፤ በ1851 ውድድር አውጥተው ነው የፈለጉት። ከሐዲዱ ጎን የእግር መንገድ አለ። ጉልበቱ ያለው ይሂድበት። እኔ ግማሹን ሄጄ ቆሎዬን ቆርጥሜ ተመለስኩ።

ጉድለቶቹ። ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ፈጣኖቹን ባቡሮች ለመሳፈር ፓሱ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታ መያዣ ይከፈላል። ፈረንሳይ ውስጥ ለፓስ ያዥ የሚለቀቀው ወንበር የተወሰነ ነው፤ ካለቀ አለቀ። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ አብዛኛውን ባቡር ዝም ብሎ መሳፈር ነው። የጀርመን ባቡር ሰዓት ያከብራል የሚለውን የድሮ ወሬ ደግሞ እርሱት፤ በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሰው 62.5 በመቶው ነው። ባቡር ለመቀየር 10 ደቂቃ አትተማመኑ። አንድ አገር ውስጥ (ስሙ ይቅር) ባቡራችን ተሰርዞ ትንሽ ጣቢያ ላይ ቁጭ ብለናል። ፓስ መያዙ የጠቀመኝ ያኔ ነው። ትኬት የቆረጡት መስኮቱ ላይ ሲከራከሩ እኛ በሚቀጥለው ተሳፈርን።

አፑ ጥሩ ነው። ባቡሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጉዞውን እሱ ላይ ማስገባት አለባችሁ፤ ካልሆነ ያስቀጣል። ቢያንስ በ3 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ማግኘትም ይፈልጋል። ለእኔ ዕድሜ ሰው ትንሽ ያስጨንቃል። ባትሪ የሚሞላ ነገር ያዙ።

ከ5 ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ፣ 4። አንዷን የቀነስኩት ለቦታ መያዣው ክፍያ ነው። ፓሪስንና ሮምን ብቻ አይቼ ልመለስ ለሚል ሰው ግን አይሆንም፤ ሁለት ትኬት ከወራት በፊት ቢቆርጥ ይረክስለታል። አንድ አገር ብቻ ለሚቀመጥም አያስፈልግም። ሉክሰምበርግ ዘመድ ያለው ሰውማ ከ2020 ጀምሮ የአገሪቱ ባቡርና አውቶቡስ ነፃ ነው፤ እዚያው ይጥገብ።

እህቴ የሚቀጥለው ስፔን ይሁን እያለች ነው። የወንበሩን መያዣ እሷ ከቻለች እኔ ዝግጁ ነኝ።